በእግር የምትሠራዋ ሬድዮ፤ ስለ አደጋ ጊዜ መገናኛ አጭር ታሪክ

 እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ የበዓል መጽሔት ላይ በብዛት የሚጻፈው ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ግብዓት አቅርቦት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውንም ሌሎች ጸሐፊዎች መጥቀሳቸው ስለማይቀር እኔ ልዝለለውና ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ። ጉዳዩ የመገናኛ ሬድዮ ነው። ዜና የምንሰማበት ሬድዮ ሳይሆን ሁለት ሰዎች ተራ በተራ የሚነጋገሩበት፣ ቁልፉን ተጭኖ መናገር፣ ለቅቆ መስማት የሚጠይቀው ማለቴ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ገጠመኝ ነው። ሞባይል ስልክ ገና ወደ ቀበሌያችን ባልደረሰበት ዘመን በአንድ መሠረታዊ ማኅበር በጸሐፊነት አገለግል ነበር። አንድ ለጋሽ ድርጅት ለማኅበራችን የመገናኛ ሬድዮ ሰጠን። መሣሪያው ጥሩ ነበር። ከነአንቴናው፣ ከነባትሪውና ውፍረቱ መዝገብ ከሚያህል የእንግሊዝኛ መመሪያ ጋር መጣ። ፊቱ ላይ ያሉት ቁልፎች ሃያ ያህል ነበሩ። ሥልጠናውን የወሰደው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን እርሱም በዓመቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሬድዮው «እንዳይበላሽ» ተብሎ በቁም ሣጥን ተቆለፈበት። በአንድ የነሐሴ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ወደ መጋዘናችን መምጣት ሲጀምር የሣጥኑን ቁልፍ ፈልገን አገኘን፣ ሬድዮውንም አበራነው። ባትሪው ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል። ግን በየትኛው ቻናል እንደምንጠራ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ይህን ሲጫን ሌላው ያንን ሲያዞር እኩለ ሌሊት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ በጭቃው ውስጥ ወደ ወረዳው ከተማ በእግሩ ሮጠ። መኪና ደርሶልን ጆንያ ማውጣት ስንጀምር ነግቷል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ማዳበሪያው ግን ሟሟ። ማዳበሪያውም በዱቤ የመጣ ነበርና አባላት ያልዘሩበትን ዕዳ ከፈሉ።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በእኛ አለመማር ሳላክክ ኖሬአለሁ። የመገናኛ ሬድዮን ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ከእኛ ያልተሻለ ትምህርት የነበራቸው፣ ከእኛም ይበልጥ ተራርቀው የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ሬድዮን የቤት ዕቃ አድርገው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ታሪኩ የሚጀምረው በአውስትራሊያ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

የአውስትራሊያ መሐል አገር ደረቅና ሰፊ ነው። በከብት ርባታ የሚተዳደሩት ቤተሰቦች ጎረቤት የሚሉት ሰው የአንድ ቀን መንገድ ወይም ከዚያ በላይ ይርቃቸው ነበር። በ1917 ጂሚ ዳርሲ የተባለ የከብት ጠባቂ በሰሜን ምዕራቡ ክፍል ከፈረስ ወድቆ ውስጡ ክፉኛ ተጎዳ። ወገኖቹ በጋሪ ጭነው ሆልስ ክሪክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ አደረሱት። በከተማዋ ሐኪም የለም። ያለው የፖስታና ቴሌግራፍ ቤቱ ኃላፊ ፍሬድ ታኬት ሲሆን እርሱም የሚያውቀው የመጀመሪያ ዕርዳታ ብቻ ነበር። ታኬት በቴሌግራፍ ፐርዝ ከተማ ያሉትን ዶክተር ሆላንድን አገኛቸው። ርቀቱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ሐኪሙ በሞርስ ነጥብና ሰረዝ «እዚህ ላይ ቁረጥ፣ ይህን እጠብ» እያሉ፣ ታኬትም በሰንጢና በምላጭ ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ሐኪሙም በከብት መጫኛ መርከብ፣ ከዚያም በመኪና ከ10 ቀን በላይ ተጉዘው ሆልስ ክሪክ ሲደርሱ በሽተኛው ወባ ተጨምሮበት ሞቶ አገኙት።

ወሬው አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ልብ በሉ፣ ዳርሲ ቢያንስ የቴሌግራፍ ሽቦ ወዳለበት ከተማ ደርሷል። ሽቦ የሌለባቸው እርሻዎች ግን ብዙ ነበሩ። ከ1912 ጀምሮ ለመሐል አገር ነዋሪዎች የተቋቋመውን ተልእኮ ይመሩ የነበሩት ቄስ ጆን ፍሊን ሁለት ነገር ማጣመር እንደሚያስፈልግ ተረዱ። አንደኛው አውሮፕላን፣ ሁለተኛው ሬድዮ። የአውሮፕላኑን ሐሳብ የጻፈላቸው ክሊፎርድ ፒል የተባለ ወጣት የጦር አብራሪ ሲሆን እርሱ ራሱ በ1918 በፈረንሳይ ጦር ግንባር ሞቶ ውጤቱን ሳያይ ቀረ። በግንቦት ወር 1928 ከክሎንከሪ ከተማ የመጀመሪያው የሐኪም በረራ ተደረገ። በአንድ ዓመት ውስጥም 50 ያህል በረራዎች ተከናወኑ።

ነገር ግን አውሮፕላኑን የሚጠራው ማነው? ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። በዘመኑ የነበረው ሬድዮ ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ባትሪው ክብደቱ አይጣል ነው፣ ሥራውንም የሚያውቀው ባለሙያ ብቻ ነው። በ1926 ፍሊን አልፍሬድ ትሬገር ከተባሉ የአደሌድ ከተማ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ሆነው በአሊስ ስፕሪንግስና በሄርማንስበርግ መካከል ሙከራ አደረጉ። መልእክት ተላለፈ። ሆኖም ያን ሁሉ ባትሪ ለአንድ የእርሻ ቤተሰብ ማደል የማይቻል መሆኑ ታየ።

ትሬገር የሞከሩት የእጅ ማዞሪያ ነበረ። ይህም አልሆነም። አንድ እጅ ማዞሪያውን ይዞ ሌላው እጅ ሞርስ መምታት ያስቸግራል፣ ሁለተኛ ሰውም ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ብቻዋን የቀረች፣ ልጇ የታመመባት እናት ሁለተኛ ሰው ከየት ታምጣ? ስለዚህ ሥራውን ለእግር ሰጡት። የብስክሌት ፔዳል ከትንሽ ጄነሬተር ጋር አያይዘው አንድ ሰው ተቀምጦ ሳይደክም 20 ዋት ኃይል በ300 ቮልት ያህል ማመንጨት እንደሚችል አረጋገጡ። በእኛ ዘመን አንድ አነስተኛ አምፖል ከሚፈጀው ብዙ የማይበልጥ ኃይል ነው። በዚያችው ኃይል ግን መልእክት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። ትሬገር ጥርሱንና መዘውሩን በብረት ሣጥን ዘግተው ፔዳሉን ብቻ ውጪ አስቀሩ። መሣሪያው ከጠረጴዛ ሥር ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰራል። ሬድዮዋን በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርገው ለመስማትና ለመናገር የሚያገለግል አንድ ዋና ማብሪያ ሠሩላት። የማሰራጫው ሞገድ በክሪስታል የተወሰነ በመሆኑ ተጠቃሚው ጣቢያ ፍለጋ ቁልፍ አያዞርም። ማለትም ባለሙያው አስቀድሞ የወሰነውን ነገር ተጠቃሚው በድንጋጤ ሰዓት እንደገና እንዲወስን አይጠየቅም። ለእኛ የመጣችው ባለ ሃያ ቁልፍ ሬድዮ ትዝ ያለችኝ እዚህ ላይ ነው።

በ1929 የመጀመሪያዋ የፔዳል ሬድዮ በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት አውገስተስ ዳውንስ በተባለ የከብት ርባታ ጣቢያ ተተከለች። ዋናው ጣቢያ ክሎንከሪ ነበር። ከእርሻ ወደ ጣቢያ የሚላከው በሞርስ ሲሆን ከጣቢያው የሚመለሰው በድምፅ ነው። እዚህ ላይ አዲስ እንቅፋት ተፈጠረ። ሬድዮዋን ይዘው የሚውሉት በአብዛኛው የቤት እመቤቶች ናቸው፤ ሞርስ መማር ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል። ላም እየታለበ፣ ዳቦ እየተጋገረ ነጥብና ሰረዝ ማጥናት ከባድ ነው። ትሬገር «ሴቶቹ ይማሩ» አላሉም። የጽሕፈት መኪና የሚመስል የፊደል ገበታ ሠርተው «ሀ» ስትነካ የ«ሀ» ሞርስ በራሱ እንዲወጣ አደረጉ፤ የኛ ፊደል ስላልሆነ ምሳሌዬን ይቅር በሉኝ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ ከእርሻውም በድምፅ መናገር ተቻለና ያ የፊደል ገበታ ራሱ ሥራ ፈታ።

ቆይቶም ለሌሊት ጥሪ መላ ተገኘ። የጣቢያው ሠራተኛ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮውን ደቅኖ ሊያድር አይችልም። ስለሆነም ሁለት የተለያየ ድምፅ የምታወጣ ፊሽካ ለየቤቱ ታደለች። ፊሽካዋ በማይክራፎኑ ላይ ስትነፋ ጣቢያው ያለው መሣሪያ ድምፅዋን ለይቶ ደወል ይደውላል፣ የተኛውም ሰው ይነሳል። ፊሽካ ለመንፋት ሥልጠና አያስፈልግም።

መድኃኒቱስ? ሐኪሙ በሬድዮ የመድኃኒት ስም ሲጠራ በሚንኳኳና በሚፏጭ ሞገድ ላይ የላቲን ስም አይሰማም፤ ቢሰማም አይጻፍም። ከ1942 ጀምሮ ለየእርሻው አንድ ዓይነት የመድኃኒት ሣጥን ተዘጋጀ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር ተሰጠው። ሐሳቡን ያቀረቡት ሉሲ ጋርሊክ የተባሉ ነርስ እንደነበሩ ይነገራል። ሐኪሙ «ከዚህ ቁጥር አንድ ፍሬ ጧትና ማታ» ካሉ በቂ ነው። የሰው ገላ ሥዕልም ተሰጥቶ የሕመሙ ቦታ በምልክት እንዲነገር ተደረገ። «እዚህ ጋ ያመዋል» ብሎ በሬድዮ ማመልከት ስለማይቻል ማለት ነው።

ይሁንና መሣሪያው ስለቀለለ ብቻ ይህ ሁሉ ይሠራ ነበር ብዬ አላምንም። ሰዎቹ ሬድዮዋን በየቀኑ ይነካኳት ነበር። ሐኪም የሚገኝበት ሰዓት፣ ቴሌግራም የሚላክበት ሰዓት ተወስኖ ነበር። ከዚያ ውጪ ለወሬ ብቻ የተመደበ ሰዓት ነበራቸው። ይህንንም በጩኸቷ በምትታወቅ ጋላ በምትባል የአገሩ በቀቀን ስም ጠሩት። ማን ወለደ፣ የት ዘነበ፣ የማን በሬ ጠፋ የሚባለው ሁሉ በዚያ ሰዓት ይወራል። ቁም ነገረኛ ባለሥልጣን ቢሆን «የአደጋ መሣሪያ ለወሬ አይውልም» ብሎ ይከለክል ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ወሬው መሣሪያውን አዳነው። የባትሪው መድከም፣ የሽቦው መበጠስ በወሬ ሰዓት ይታወቃልና አደጋ እስኪመጣ አይጠበቅም። ሰዉም መናገር ይለማመዳል። አደሌድ ሚየትኬ የተባሉ መምህርት የእርሻ ልጆች ሬድዮዋን ያለ ፍርሃት ሲጠቀሙ አይተው ትምህርት ቢሰጥባቸውስ ብለው በማሰባቸው፣ በሰኔ 1951 በአሊስ ስፕሪንግስ የአየር ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ከየብስ ወደ ባሕር ልለፍ፤ እዚህ ግን አልቆይም። ቲታኒክ በ1912 ስትሰጥም ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ በቅርብ ርቀት ቆማ ነበር። ብቸኛው የሬድዮ ሠራተኛዋ የቀን ሥራውን ጨርሶ ሬድዮውን አጥፍቶ ተኝቷል። ሬድዮ ነበረ፣ ባለሙያም ነበረ፤ የሚሰማ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነው በመርከቦች ላይ ሌትና ቀን ማዳመጥ በዓለም አቀፍ ስምምነት ግዴታ እየሆነ የመጣው። ኤስ ኦ ኤስ የሚባለውም ጥሪ ብዙዎች እንደሚያስቡት የቃላት ምሕጻር አይደለም። ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ ሲሆን በ1906 በበርሊን ጉባኤ የተመረጠው ደክሞት የሚንቀጠቀጥ እጅም ሊመታው ስለሚችልና ከሌላ ጋር ስለማይምታታ ነው። በድምፅ መነጋገር ሲመጣ ግን «ኤስ» የምትባለው ፊደል በሬድዮ በደንብ አትሰማም። ስለዚህ በ1920ዎቹ በለንደን ክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ የነበሩ የሬድዮ ኃላፊ «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ወስደው «ሜይዴይ» የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ሦስት ጊዜ ይደገማል። አልቋል።

ሀብትና ዕውቀት ያለው ሁሉ ይህን ትምህርት ጠብቆ ይዟል ማለት ግን አይደለም። በመስከረም 2001 በኒው ዮርክ መንትያ ሕንጻዎች ላይ በደረሰው ጥቃት 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። በሕንጻዎቹ ውስጥ የሠራተኞቹን የእጅ ሬድዮ ድምፅ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያደርስ ማጉያ አስቀድሞ ተተክሎ ነበር። አደጋውን ያጣራው ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ በመግቢያው አዳራሽ የነበረው ዋናው መናገሪያ እንዲሠራ ሁለተኛ ቁልፍ መጫን ነበረበት፤ ያ ቁልፍ በዚያ ቀን አልተጫነም። አለቆቹ ሞክረው ስላልሰሙ ማጉያው ተበላሽቷል ብለው ተዉት። በሰሜኑ ሕንጻ «ውጡ» የሚለው ትእዛዝ ያልደረሳቸው ብዙዎች ነበሩ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር ለማለት አይቻልም። ሆኖም አንዲት ቁልፍ ናት። ያንን ባነበብኩበት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደ አገራችን ስንመለስ መገናኛ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ሽቦ የሌለው ቴሌግራፍ ሲመጣ ደግሞ አባቶቻችን «ነፋስ ስልክ» አሉት፤ አዲስ አበባ ያለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከዚህ የተሻለ ስም እኔ አላውቅም።

ዛሬ ሞባይል በየኪሳችን ስላለ «ሬድዮ ለምን?» የሚል አባል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞባይል የሚሠራው ማማው መብራት እስካለው ድረስ ነው። በክረምት ምሰሶ ሲወድቅ፣ የመጠባበቂያው ባትሪ ሲያልቅ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ስልክ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ነው፤ በሬድዮ አንዱ ሲናገር በዚያው ቻናል ያለው ሁሉ ይሰማል። የበረሃ አንበጣን እንውሰድ። ምሥራቅ አፍሪካን ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ያስጨነቀውን መንጋ አልረሳነውም። አንበጣ ማታ ሲመሽ ያርፋል፤ ጧት ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ አይነሳም። የመከላከል ሥራ የሚቀልለው በዚያች ጊዜ ነው። ማታ ያረፈበትን ያየ እረኛ ወሬው ከመንጋቱ በፊት ወደሚመለከተው ካልደረሰ በማግስቱ መንጋው ሌላ ቀበሌ ነው።

እዚህ ላይ ለወረዳ አመራሮችና ለዩኒየናችን ቦርድ አንድ ነገር ለማለት ድፍረት ልውሰድ። መሣሪያ ሲገዛ ወይም በዕርዳታ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ይሆናል። ይህ መጠየቁ ባይከፋም፣ በጨለማ፣ በዝናብ፣ ማንበብ የማትችል አክስቴ ብቻዋን ቤት ብትሆን መጥራት ትችላለች ወይ የሚለው ይቅደም። በርግጥ ሞገድና ፈቃድ የሚመለከተው መንግሥታዊ አካል ስላለ በዘፈቀደ መግዛትና መጠቀም አይቻልም። ፈቃዱ፣ ቻናሉና የጥሪ ስሙ ግን በሰላሙ ጊዜ በባለሙያ ተጠናቆ ለአባሉ የሚቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ሊሆን ይገባል።

እኛም ከዚያ ጎርፍ በኋላ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ከወረዳው አንድ የሬድዮ ባለሙያ ለምነን አምጥተን ቻናሉን አስተካከለልን። የማያስፈልጉትን ቁልፎች በፕላስተር ሸፈንናቸው። በካርቶን ላይ በትልቁ «1ኛ ይህን አብራ። 2ኛ ይህን ተጫን። 3ኛ ማን እንደሆንክ፣ የት እንዳለህ፣ ምን እንደሆነ ተናገር። 4ኛ ልቀቅና ስማ» ብለን ጽፈን ከአጠገቡ ለጠፍን፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ መብራያዋን በቀይ፣ መናገሪያዋን በአረንጓዴ ቀለም ቀባን። ከቁም ሣጥን አውጥተን መጋዘን ጠባቂው በሚያድርበት ክፍል አስቀመጥነው። ሊቀ መንበራችን ጋሽዬ እንደ ሁልጊዜው አቃቂር አወጡ። «ታዲያ አደጋ እስኪመጣ ዝም ብሎ ይቀመጥ?» አሉ። ስለዚህ ሰኞና ዓርብ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ከጎረቤት ማኅበራት ጋር ሰላምታ እንዲለዋወጡበት ተወሰነ።

በመጀመሪያው ሰኞ የተላለፈው መልእክት ስለ ጠፋች አህያ ነበር። ሦስት ማኅበራት ሰሙት። አህያዋ በማግስቱ ተገኘች፤ ባለቤቷ ግን እስካሁን ድረስ ያገኘኋት በእግሬ ዞሬ ነው እንጂ በሬድዮ አይደለም ይላሉ።